በመቀመጫው የሚመጣ ፅንስና የእናቲቱ ምርጫ




በማዋለድ ሙያ ውስጥ ከሚነሡት ጥያቄዎች መካከል ፅንስ በመቀመጫው ወይም በእግሩ የመምጣቱን ነገር ያህል ባለሙያን ከባለሙያ ያከራከረ ጥቂት ነው። ይህም ነገሩ ብርቅ ሆኖ አይደለም። በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት ገደማ ከአምስት ፅንሶች አንዱ ያህል ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ይገኛል። አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ ይዞራሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ሳይዞሩ የሚቀሩት ከመቶ ሦስት ወይም አራት የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በወር አንድ መቶ እናቶችን የሚያዋልድ ጤና ጣቢያ እንግዲህ በየሳምንቱ ገደማ አንድ እንዲህ ያለ ፅንስ ያጋጥመዋል ማለት ነው። ክርክሩ ያለው የተገኘውን ፅንስ በምን መንገድ ወደዚህ ዓለም ማምጣት ይገባል በሚለው ላይ ነው፤ ከዚያም ይልቅ፣ መንገዱን የሚመርጠው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የዚህ ንግግር መነሻ አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ሜዳው በሚወርድበት በኩል የሚገኘው ይህ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የከባድ መኪና ሰፈር ሆኖ የኖረ ነው። በጨርቃ ጨርቁና በብረታ ብረቱ ፋብሪካ ዙሪያ የተቆረቆሩት የሠራተኛ መንደሮች ከነባሩ የኦሮሞ ገበሬ ይዞታ ጋር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ከጋራ መኖሪያ ቤቶች ጋር ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ በአንድ የእርግዝና ክትትል ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ በፈረቃ የምትሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኮንዶሚኒየም የመጣች የቢሮ ጸሐፊ፣ ከከተማው ወሰን ማዶ የመጣች የገበሬ ሚስት አብረው ተራቸውን ሲጠብቁ ይታያል። ይህ ጉርብትና ለያዝነው ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር ስላለው ኋላ ይነሣል። በ2004 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናን አገልግሎት ለአካባቢው እናቶች ቅርብ አድርጎታል። ሆኖም የሆስፒታል ቅርበት ብቻውን ምርጫን አይፈጥርም።

በዚህ አካባቢ የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን የፀነሰች እናት በ36ኛው ሳምንት ለክትትል መጣች ይባል። አዋላጅዋ ሆዷን ትዳስሳለች፤ ከላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ክብና ጠንካራ፣ ሲገፉትም እንደ ኳስ የሚመለስ ነገር ታገኛለች፤ የልብ ትርታውንም ከእምብርት በላይ ትሰማዋለች። አልትራሳውንዱ ያንኑ ያረጋግጣል። ከዚህ በኋላ ለእናቲቱ የሚነገራት ነገር ብዙ ጊዜ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ «ልጁ አልዞረም። በኦፕራሲዮን ስለምትወልጂ ይህን ወረቀት ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ።» እናቲቱ ወረቀቱን ተቀብላ ትወጣለች። ሌላ ምክር ፍለጋው የሚጀመረው እዚያው በሩ ላይ ነው።

የፍለጋው መንገድ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ወሬው የሚደርሰው ለእናቷ ወይም ለባሏ እናት ነው። ቀጥሎ ጎረቤት ይሰማል። «አይዞሽ ልጄ፤ የኔም ሁለተኛው እንዲሁ አስቸግሮ ነበር፤ አሽተው አዞሩልኝ» የምትል አንዲት እትዬ በየመንደሩ አትታጣም። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ነፍሰ ጡሯ ሆድ ከሚያሹ አሮጊት ዘንድ ትወሰዳለች፤ ቅቤ ይቀርባል፤ ማርያም ትጠራለች። ሌላዋ ጸበል ትጠመቃለች። ሦስተኛዋ በግል ክሊኒክ ሁለተኛና ሦስተኛ አልትራሳውንድ ታስነሣለች፤ የመጀመሪያው እንዲሳሳት እየተመኘች ገንዘቧን ትጨርሳለች። በዓረብ አገር ያለች እኅት በስልክ፣ «እዚህ እንዲህ አድርገው ይገለብጡታል» ብላ የሰማችውን ትነግራታለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምጡ ሲመጣ እናቲቱ ወይ ወደ ሆስፒታሉ ትሄዳለች፣ ወይም ከነወረቀቷ ቤት ትቀራለች።

እንዲህ ያለችውን እናት «እምቢተኛ» ወይም «ያልገባት» ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሦስት ነገሮች ሳይነገሯት ወጥታለች፤ ልጁን በሆስፒታል ማዞር ይቻል እንደሆነ፣ ሳይዞር በምጥ መውለድ ይቻል እንደሆነ፣ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳም በሚቀጥለው እርግዝናዋ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው አልተነገራትም። ባለሙያው ባዶ ትቶት የሄደውን ቦታ ሌላ ሰው ይሞላዋል። አሮጊቷ ቢያንስ እናቲቱን ቁጭ አድርገው አነጋግረዋታል፤ እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳርፈው፣ «ይሻልሻል» ብለዋታል። ይህን ያህል ጊዜ በክትትል ክፍል ውስጥ የሰጣት ሰው አልነበረም።

ስለ መታሸቱ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ምጥ ሊመጣ በተቃረበበት ጊዜ፣ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታወቅ፣ የፅንሱ የልብ ትርታ ሳይሰማ ሆድን በኃይል ማሸት እንግዴ ልጁን ሊያላቅቅ፣ ማኅፀንን ሊተረትር፣ እትብትን ሊያጠላልፍ ይችላል። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት አደጋው የባሰ ነው። ይህ ለማንም አዋላጅ አዲስ አይደለም። እምብዛም የማይነገረው ነገር ግን አሮጊቷ ሊያደርጉት የፈለጉት ነገር በሐሳብ ደረጃ ከሆስፒታሉ ጥበብ የተለየ አለመሆኑ ነው። ፅንስን ከውጭ በእጅ አዙሮ በጭንቅላቱ እንዲመጣ ማድረግ የታወቀ የሕክምና ዘዴ ነው። ልዩነቱ ያለው በዙሪያው ባለው ጥንቃቄ ላይ ነው። በሆስፒታል ሲደረግ አስቀድሞ የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውሃውና የፅንሱ ሁኔታ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ማኅፀንን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣል፤ የልብ ትርታው ከመዞሩ በፊትና በኋላ ይመዘገባል፤ እናቲቱ ሕመም በተሰማት ጊዜ «ይብቃ» ካለች እጅ ይነሣል፤ የደሟ ዓይነት አር ኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ተገቢው መርፌ ይሰጣታል፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሉም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ውጤቱም የሚናቅ አይደለም። በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት በሠለጠነ እጅ ከሚሞከሩት መካከል ግማሽ ያህሉ ይሳካሉ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚወልዱት ከአሥሩ አራቱ፣ ከዚህ በፊት ከወለዱት ደግሞ ከአሥሩ ስድስቱ ያህል ይዞራሉ። በሙከራው ምክንያት ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ከሁለት መቶ እናቶች አንዷ ገደማ ናት። በአንጻሩ ምንም ሳይደረግ ቢጠበቅ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከፀነሱት መካከል ከ36ኛው ሳምንት በኋላ በራሱ የሚዞረው ፅንስ ከመቶ ስምንት ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይቻላል። የአሻሿ አሮጊት ዝና በአብዛኛው የተገነባው በሰባተኛው ወር ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የታሸው ፅንስ ባይታሽም አብዛኛውን ጊዜ መዞሩ አይቀርም ነበር። ዝናው በዘጠነኛው ወር ለሚመጡት እናቶች ይተርፋል፤ አደጋውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ይህን ስሌት ለእናቲቱ በቀላል አማርኛ ወይም በኦሮምኛ ማስረዳት አሮጊቷን ከመስደብ የበለጠ ይሠራል።

ከሌሎቹ አማራጮች መካከል አንዱ ለአቃቂ ቃሊቲ ልዩ ትዝብት አለው። የቻይና ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የጭቁኝን ዘመድ የሆነ ደረቅ ቅጠል በትንሹ የእግር ጣት ውጫዊ ጠርዝ አጠገብ እያጨሱ፣ በሙቀቱ ፅንሱ እንዲንቀሳቀስና እንዲዞር ለማድረግ ሲሞክሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ፣ በቻይና አገር በ260 የመጀመሪያ እርጉዞች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ከተደረገላቸው መካከል ከመቶ 75 የሚሆኑት ፅንሶች ሲዞሩ ካልተደረገላቸው የዞሩት ከመቶ 48 መሆናቸውን ገለጸ። ያው ተመራማሪ በኢጣልያ አገር በ2005 ያወጣው ጥናት ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኘም፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ግምገማዎች ዘዴው ሳይጠቅም አይቀርም ወደሚለው አዘንብለዋል። የቻይና የሕክምና ቡድን በሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ የምትኖር እናት ይህን ብትጠይቅ ሳቅ ሊሆን አይገባም መልሱ። «ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ በሚገባ አልተረጋገጠም፤ በእጅ የማዞሩን ቀጠሮ ግን አያስቀርም» ማለት በቂ ነው። በጉልበትና በደረት ተንበርክኮ መቆየትም እንዲሁ ነው፤ እንደሚያዞር ማስረጃ የለም፤ ለጥቂት ደቂቃ ቢደረግ ግን አይጎዳም። ጸሎትና ጸበልም ከሕክምና ቀጠሮ ጋር የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር መግባት ይቻላል። በመቀመጫው የመጣን ልጅ ማዋለድ ለብዙ መቶ ዓመታት የአዋላጅ ችሎታ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሞሪሶ የፅንሱን ጭንቅላት አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ የማውጣቱን ዘዴ ለተከታዮቹ አስተላልፏል፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ኖርዌያዊው ዮርገን ሎቭሴት ወደ ላይ የተዘረጉ ክንዶችን ገላውን በማዞር የማውረድን ዘዴ አስተማረ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው ኮሚዩኒቲ ነርሶች አንሥቶ ከአንድ አዋላጅ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ የኖረው ይኸው የእጅ ጥበብ ነው።

ይህን ሁሉ የለወጠው አንድ ጥናት ነው። በካናዳዊቷ ሐኪም በሜሪ ሃና መሪነት በ26 አገሮችና በ121 የሕክምና ተቋማት በ2,088 እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት፣ የታቀደ ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው መካከል ሕፃኑ የሞተ ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበት ከመቶ 1.6 ሲሆን፣ በምጥ እንዲወልዱ ከተመደቡት ግን ከመቶ 5 መሆኑን ገለጸ። የዓለም የማዋለጃ ክፍሎች የሰጡት ምላሽ በሙያው ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ፈጥኖ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። በኔዘርላንድስ ጥናቱ በወጣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ለብሪች የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከመቶ 50 ወደ 80 ዘለለ። በብዙ አገሮች አንድ ትውልድ ሐኪምና አዋላጅ በመቀመጫው የሚመጣን ልጅ በእጁ ሳይቀበል ተመረቀ።

ጥናቱን በጥሞና ላነበበው ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አገሮቹን በሁለት ከፍለዋቸው ነበር፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች ልዩነቱ 0.4 ከመቶ ለ5.7 ሲሆን፣ ሞቱ ከፍተኛ በሆነባቸው አገሮች ግን 2.9 ለ4.4 ነበር። የኋለኛው ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን እርግጠኛ የሚባል አልነበረም። ይህ ማለት፣ ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች የታቀደው ቀዶ ሕክምና ለሕፃኑ የሚያስገኘው ጥቅም በሀብታሞቹ አገሮች የታየውን ያህል ጎልቶ አልወጣም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሁለት ዓመት ክትትልም በሁለቱ ወገን በተወለዱት ልጆች መካከል በሞትም ሆነ በአእምሮ እድገት መዘግየት ልዩነት አላገኘም። በ2006 ከፈረንሳይና ከቤልጅየም የወጣው፣ 8,105 እናቶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ እናቶቹ በጥንቃቄ ከተመረጡና ምጡ በሚገባ ከተጠበቀ በሁለቱ መንገድ መካከል ጉልህ ልዩነት እንዳልታየ ገለጸ፤ በምጥ እንዲወልዱ ከታሰበላቸው ከመቶ 71 የሚሆኑት በእርግጥም በምጥ ወለዱ። የእንግሊዝ የማኅፀንና ፅንስ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ እናቶች እንዲነገራቸው የሚፈልገው አኃዝ ግልጽ ነው፤ ከ39ኛው ሳምንት በኋላ በታቀደ ቀዶ ሕክምና ከሺህ 0.5፣ በታቀደ የብሪች ምጥ ከሺህ 2፣ በጭንቅላቱ በሚመጣ ፅንስ የታቀደ ምጥ ከሺህ 1 ሕፃን ሊሞት ይችላል።

እነዚህ አኃዞች የተገኙት ሠራተኛው፣ መሣሪያውና ደሙ በቅርብ ባለበት አገር ነው። እንደ ወረዱ ወደ ቃሊቲ ማምጣት አይቻልም። የሚያስተምሩት ግን ልዩነቱ እንዳለ፣ የልዩነቱም መጠን በቁጥር ሊነገር እንደሚችል ነው። «ልጅሽ ይሞታል» ማለት አኃዝ አይደለም፤ ማስፈራሪያ ነው።

በሌላው ወገን የሚመዘነው የእናቲቱ አካል ነው። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ባለው ጊዜ አራት እናቶች ለብሪች ተብሎ ከታቀደ ቀዶ ሕክምና በኋላ መሞታቸው በስም ሳይሆን በሙያ መጽሔት ተመዝግቧል። ኔዘርላንድስ ድሃ አገር አይደለችም። ከሞት መለስ ያለው ጉዳይ ደግሞ ጠባሳው ነው፤ በአቃቂ ቃሊቲው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሦስት ሴቶች የሚለያዩት በዚህ ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ሲሆን በኦሮሚያ ክልል 5.4 ነው። በዚያው ዳሰሳ ከአዲስ አበባ እናቶች ከመቶ 97ቱ በጤና ተቋም ሲወልዱ፣ በመላ አገሪቱ በተቋም የወለዱት ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ይህ ወደ 48 ከፍ ብሏል። በአዲስ አበባ ከመቶ 21 ያህሉ በቀዶ ሕክምና ሲወለዱ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ሁለት ዓለማት መካከል ያለው ወሰን በአቃቂ ቃሊቲ በእግር የሚታለፍ ነው። የቢሮ ጸሐፊዋ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ልትወልድ፣ ሁለተኛውንም ሆስፒታል አጠገብ ልትወልደው ትችላለች፤ ለእርሷ የታቀደው ቀዶ ሕክምና ምክንያታዊ ምርጫ ነው። የገበሬው ሚስት ግን ከዚህ በኋላ ምናልባት አራት ጊዜ ትፀንሳለች። የፋብሪካዋ ሠራተኛም ብትሆን ኮንትራቷ ሲያልቅ ወደ ተወለደችበት ገጠር ልትመለስ፣ ወይም በልማዱ መሠረት ለመታረስ እናቷ ቤት ልትሄድ ትችላለች። አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በሚቀጥለው ምጥ ማኅፀኗ የሚተረተርበት አጋጣሚ፣ በሆስፒታል ስትጠበቅ እንኳ፣ ከሁለት መቶ አንድ ያህል ነው። ቀዶ ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥርም እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረቱ አደጋ ይጨምራል። ሆስፒታል በግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ በሚገኝበት ስፍራ እነዚህ አደጋዎች ሞት ማለት ናቸው። ለመጀመሪያው ልጅ ደኅንነት የተደረገው ቀዶ ሕክምና ለሦስተኛው ልጅና ለእናቲቱ ዕዳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በብሪች ላይ የሚሰጥ ምክር እንግዲህ ስለዚህች አንዲት ምጥ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ እናቲቱ ስንት ልጅ እንደምታስብና ቀጣዩን የት እንደምትወልድ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ምክር ጎደሎ ነው።

ይህ ሁሉ ቀዶ ሕክምናን ለማጣጣል የቀረበ አይደለም። ፅንሱ በእግሩ ሲመጣ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ከተቃና፣ ፅንሱ ትልቅ ከሆነ ወይም ከሚገባው በላይ ካነሰ፣ የእናቲቱ ዳሌ ከጠበበ፣ ምጡ አልገፋ ካለ ቢላዋው ሕይወት ነው። በዚያ ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 2 የነበረው የቀዶ ሕክምና መጠን ራሱ የሚናገረው ብዙ እናቶች የሚያስፈልጋቸውን ሳያገኙ መቅረታቸውን ነው። በአንድ አገር ውስጥ ቀዶ ሕክምና በአንዱ ወገን ሲበዛ በሌላው ወገን መታጣቱ የኢትዮጵያ የወሊድ አገልግሎት ዋነኛ ቅራኔ ሆኖ ይታያል።

ደግሞም አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በመቀመጫቸው የሚመጡት ፅንሶች ሁሉ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ቢያዝላቸው እንኳ፣ ሳይታወቅባት የቆየች፣ ወረቀቱን ይዛ ቤት የቀረች፣ ወይም መንገድ ላይ ምጡ የቀደማት እናት ሌሊት በስምንት ሰዓት የጤና ጣቢያውን በር ታንኳኳለች። የሕፃኑ መቀመጫ ብቅ ብሏል፤ አምቡላንስ ቢጠራም አይደርስም። በዚያች ሰዓት ተረኛ የሆነችው አዋላጅ ጥናቶቹ ምንም ይበሉ ምን እጇ የሚያውቀውን ታደርጋለች። የማታውቅ ከሆነ ትጎትታለች። መጎተት ደግሞ ክንዶቹን ወደ ላይ ይሰቅላቸዋል፤ አገጩን ከደረቱ ያላቅቀዋል፤ ጭንቅላቱንም እላይ ያስቀረዋል። የዚህ ሙያ ከባዱ ትምህርት እጅን መሰብሰብ ነው፤ የማኅፀኑ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጦ፣ የሕፃኑ ጀርባ ወደ እናቲቱ ሆድ መዞሩን እየተመለከተ፣ የትከሻው አጥንት እስኪታይ ድረስ አለመንካት። ክንድ ከዘገየ የሎቭሴት ዘዴ፣ ጭንቅላት ከዘገየ የሞሪሶ ዘዴ ከእምብርት በታች በሚደረግ መጠነኛ ግፊት እየታገዘ ይከተላል። እናቲቱ በጉልበቷና በእጇ ተደግፋ እንድትወልድ የሚያደርገው፣ በጀርመን በፍራንክፈርት ከተማ በፍራንክ ሎዌንና በባልደረቦቹ የዳበረው አሠራርም ከዚሁ ትዕግሥት የመነጨ ነው።

ይህን ጥበብ ለማቆየት ብርቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የጨርቅ አሻንጉሊትና አንድ የዳሌ አጥንት ሞዴል በየጤና ጣቢያው ቢኖር፣ ተረኞቹም በወር አንድ ጊዜ እየተፈራረቁ ቢለማመዱ ብዙ ሕፃናት ይተርፋሉ። ባለፉት ዓመታት የቀድሞ አዋላጆች ጡረታ ሲወጡ ልምዳቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ አሁንም በየቤታቸው ያሉ አሉ። እነርሱን ጠርቶ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እጃቸውን እንዲያሳዩ ማድረግ የማኅበር ሥራ ነው፤ ከበጀት ጉድለት የሚመጣ ሰበብም የለውም።

ወደ ክትትሉ ክፍል እንመለስ ቢባል፣ ያችው እናት በ36ኛው ሳምንት ስትመጣ ንግግሩ እንዴት ሊሆን ይገባ ነበር? አዋላጅዋ ወንበሯን ታስጠጋለች። «እናቴ፣ ልጁ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ነው። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ከባድ ዕቃ በማንሣትሽ ወይም ባስታወሽው ሕልም የመጣ አይደለም» ትላታለች። ቀጥላም፣ ልጁን ሆስፒታል ውስጥ ማዞር እንደሚሞከር፣ ካልዞረ ሁለት መንገድ እንዳለ፣ ለእያንዳንዱ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ትነግራታለች። «ሌላ ሰው ለማማከር ታስቢያለሽ?» ብላም ትጠይቃታለች። ይህች ጥያቄ ብዙ ትሠራለች፤ እናቲቱ አሻሿን መጥቀስ የምትፈራ ከሆነ ፍርሃቷን ታነሣላታለች። የባሏ እናት ውጭ ቆመው ከሆነ እንዲገቡ ይደረጋል፤ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እርሳቸው ናቸውና። አማርኛ የሚያስቸግራት እናት ከሆነች ኦሮምኛ የሚችል ባልደረባ ይጠራል፤ አስተርጓሚው የስምንት ዓመት ልጇ ሊሆን አይገባም።

የሕክምና ፈቃድ ጉዳይም የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ተረድቶ ሊፈቅድ እንደሚገባ ይደነግጋል። በተግባር ግን ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምጥ ውስጥ ላለች እናት፣ አልያም በኮሪደር ለቆመ ባሏ ነው። በ36ኛው ሳምንት በእርጋታ የተነገረ ነገር ካለ ፊርማው ትርጉም ይኖረዋል፤ ካልተነገረ ፊርማው ቀለም ነው። ለመምረጥ የሚያስችል ቀን የሚገኘው ከምጡ በፊት ብቻ ነው።

ከክፍለ ከተማው ወሰን ማዶ ለምትመጣው እናት ምርጫው ርቀትንም ይጨምራል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የቆየ ልምድ አላት፤ በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 አንሥቶ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው ከመድረሱ በፊት መጥተው የሚቆዩበትን ማረፊያ አዘጋጅቶ አገልግሏል። በመቀመጫው የሚመጣ ፅንስ ያላት የገጠር እናት በ38ኛው ሳምንት ሆስፒታል አጠገብ ብታርፍ፣ ከአማራጮቹ ሁሉ ቢያንስ አንዱን በእርግጠኝነት ታገኛለች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሥልጠና የተሰጣቸው የልምድ አዋላጆችም በየመንደሩ ቀርተው ከሆነ፣ እናቲቱን አሽተው ከማቆየት ይልቅ ይዘዋት እንዲመጡ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ሲመጡ በበር ላይ የማይመለሱ፣ በወሊድ ክፍሉም አጠገቧ እንዲቀመጡ የሚፈቀድላቸው መሆን አለባቸው።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቀርታለች። እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ከሆስፒታል ስትወጣ በእጇ የሚሰጣት ወረቀት ላይ የተቀደደበት ምክንያት፣ ማኅፀኗ በአግድም ይሁን በቁመት መከፈቱ፣ ቀኑና የሚቀጥለውን ልጅ የት መውለድ እንደሚገባት በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። ብዙዎቹ ወረቀቶች «በኦፕራሲዮን ወልዳለች» ከሚል ቃል የበለጠ አይናገሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ምጥ ይዟት የምትቀርባት አዋላጅ የዚያን ጊዜዋን ሴት ማኅፀን የምታውቀው በዚያች ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቷ ደግሞ ከሣጥን ውስጥ እንዳትጠፋ፣ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ላይ ብትያያዝ ይሻላል፤ የክትባት ካርድ የጣለች እናት እምብዛም አትገኝምና።